ከሪፖርቱ የወጣችው መስመር

ጥቅምት 6
ከግብርና ጣቢያው

ለተወደድከው ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? ሚስትህና ልጆችህስ? እኔና እናቴ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷ ከያዛት ወዲህ ከግቢ አትወጣም እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ስትመርቅህ ውላ ስትመርቅህ ታመሻለች።

ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። የስልክ ወሬ ግን ነፋስ ይወስደዋል፤ ይሄኛው በወረቀት እንዲቀመጥ ፈለግኩ። ባለፈው ሰኞ በጽሕፈት ቤታችን ስብሰባ ላይ አዲስ የግብርና ኤክስቴንሽን ፖሊሲ እየተረቀቀ መሆኑ ተነገረን። የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ልንገርህ? ሪፖርት ነው። ራሱ። ያኔ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ የነበረው፣ ገበሬው “ይሄ ሰውዬ ለቅሶ ቢሄድ ሟቹን በመቶኛ ነው የሚጠይቀው” እያለ “ሪፖርት” የሚል ስም ያወጣለት።

አንተ ያኔ ምርምር ማዕከሉ ውስጥ ሥራ ላይ ስለነበርክ የእኛን ቤት ነገር የሰማኸው በወሬ ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርህ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ሪፖርት ለአካባቢው አርሶ አደር ሁሉ አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር በቆሎ በኮታ አከፋፈለ። ከወንዙ ማዶ ቀይ አፈር ላይ ዘሩ አማረ። እኛ ያለንበት ግን መረሬ ነው፤ ጥቁር፣ ሲዘንብ ውሃ የሚያቁር። አባዬ አስቀድሞ አንድ እፍኝ ጓሮ ዘርቶ አየውና “ይሄ ዘር እግሩ ውሃ አይወድም” ብሎ አልዘራም አለ። በስብሰባ መሀል አስነስተው ፀረ ልማት አሉት። የሞዴል አርሶ አደር ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳችን ላይ ነቅለው ወሰዱ። መረሬው ላይ ያሉት አርባ ሁለት ቤቶች ይህን አይተው ፈርተው ዘሩ። ሐምሌ ላይ በቆሎው ከእግር እስከ ራሱ ቢጫ ሆነ፤ ነሐሴ ላይ ሥሩ በሰበሰ። ያን ዓመት ግማሹ ሰፈር የከረመው አባዬ በዘራው ማሽላ ነው። ሪፖርት ለበላዮቹ የላከው ወረቀት ግን “ዘጠና ስድስት ከመቶ ስኬታማ” ይላል። ለቀሪዋ አራት ከመቶ ጥፋተኛ ስላስፈለገ አባዬን “ጎረቤቶቹን አስፈራርቶ ዘር አዘግይቷል” ብለው አምስት ወር አሰሩት። ሲፈታ ከሰው ጋር አይነጋገርም ነበር። በዓመቱ ሞተ።

ልማት ሠራተኛ የሆንኩት አፈር ወድጄ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ወደ ሪፖርት የሚያደርስ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። አሁን መንገዱ ራሱ እግሬ ሥር መጣ። የረቂቁ የውጭ ገምጋሚዎች ዝርዝር ሲነበብ ያንተን ስም ሰማሁ። አባዬ አንተን ከእኔ ለይቶ አላሳደገህም። ስለዚህ ብዕርህ አይማረው። ላባው ሳይቀር ነጭተህ አሳየኝ።

የአጎትህ ልጅ

ኅዳር 20
ከባሕር ማዶ

ለምወድሽ እህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቢሮዬ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ መቀመጡን ረሳሁት። እትዬን ሳሚልኝ። ጉልበቷን ሙቅ ነገር ታድርግበት፤ ከዚህ የሚላክ ቅባት ካለ በሰው እልካለሁ።

ገምጋሚ መሆኔ እውነት ነው። ረቂቁ ደርሶኛል፤ አንድ መቶ ስድሳ ገጽ ነው። ስለ ሰውየው የጻፍሽውን አልቃወምም። ነገር ግን ግምገማ የሚጻፈው በሐሳብ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም፤ ቂም የሸተተበት ወረቀት ደግሞ አንባቢ አያገኝም። እሱን መጣል ከፈለግሽ ከታች ያለውን እውነት ላኪልኝ። ለስንት አባወራ ነው የምትደርሺው? የሥልጠና ማዕከላችሁ ይሠራል? ገበሬው እምቢ ሲል ምን ትሆናላችሁ?

ያለፈውን እያነሳሽ ራስሽን አትጉጂ። አጎቴን እኔም አልረሳሁትም።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 12
ከግብርና ጣቢያው

ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ቅባቱን ከአሁኑ ለጎረቤት አውርታ ጨርሳለች፤ ባትልከው ታሳፍራታለህ።

ራሴን እንዳልጎዳ መክረኸኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለመርሳት ሞክሬም አላውቅ። የጠየቅከውን ግን ልመልስ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አባወራ አለብኝ። በቀን አምስት ቤት ብዞር ወደ መጀመሪያው የምመለሰው በስምንተኛው ወር ነው፤ ያኔ ዘሩ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተበልቶ አልቋል። የሥልጠና ማዕከል የምንለው ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ክፍል ነው፤ ሰርቶ ማሳያው ማሳ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ጎመን ተክሎበታል፣ እውነቱን ለመናገር ከእኛ ይልቅ እሱ እያስተማረ ነው። በየወሩ አሥራ ሰባት ቅጽ እሞላለሁ። “ስንት ሰው ተቀበለ?” የሚል ዓምድ አለ። “ስንት ሰው እምቢ አለ፣ ለምን?” የሚል የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ “ልጄ፣ ዘንድሮ ደግሞ ምን ዝሩ ልትሉን መጣችሁ?” አሉኝ።

“ምን ቢዘሩ ይሻላል ብዬ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት” አልኳቸው።

ዞር ብለው ከኋላቸው የቆመ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አዩ።

ረቂቁን ከኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ወስጄ አንብቤዋለሁ። አንቀጽ አሥራ አንድን አየኸው? “የቀረበለትን የቴክኖሎጂ ፓኬጅ ያልተቀበለ አርሶ አደር የድጋፍ ተጠቃሚ አይሆንም።” አባዬን ያሰሩበት ነገር ነው፤ ያኔ በቃል ነበር፣ አሁን ሕግ ሊያደርገው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሪፖርት ያን ዘር ያከፋፈለው የምርምር ማዕከሉን የሙከራ ውጤት ይዞ ነው። አንተ እዚያ ነበርክ። ሙከራውን የሠራው ማን ነበር? መረሬ ላይ ሞክሮት ያውቃል? ስሙን ብቻ ጻፍልኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተው። እሱንም ከሪፖርት ጋር በአንድ ገመድ አስራቸዋለሁ።

የአጎትህ ልጅ

የካቲት 15
ከባሕር ማዶ

ለእህቴ፤

ሰላም ላንቺና ለእትዬ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ የሥራ ጫና ነበረብኝ።

ግምገማዬን ልኬያለሁ፤ ዘጠኝ ገጽ ነው። አንቀጽ አሥራ አንድ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ጠይቄያለሁ፤ አሥራ ሰባቱን ቅጽና አንድ ሺህ ሁለት መቶውን አባወራ ስምሽን ሳልጠቅስ አስገብቻለሁ። ሰብሳቢው ደስ እንደማይለው እርግጠኛ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ተቋማችን ውስጥ ለልማት ሠራተኞች የሁለት ዓመት የትምህርት ዕድል ተከፍቷል። ስምሽን ላቀርብ እችላለሁ፤ ተቀባይነት ታገኛለሽ ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዎችሽን ቶሎ ላኪልኝ።

ስለ ድሮው ሙከራ ጊዜው ርቋል፤ ብዙ ሰው የተሳተፈበት ሥራ ነበር። የቆየ መዝገብ መቆፈር አቧራ ከማስነሳት በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። ወደፊት እንይ።

ቅባቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው ልኬያለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 30
ከግብርና ጣቢያው

ለተከበሩ ዶክተር፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቅባቱ ደርሷል፤ እናቴ ታመሰግናለች።

የትምህርት ዕድሉን በተመለከተ አልፈልግም። አንድ ሰው ያልተጠየቀውን ሲመልስ የተጠየቀውን እየሸሸ ነው፤ ስለዚህ የጽሕፈት ቤታችንን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቁልፍ ለመንኳት። “ምን ልትፈልጊ ነው?” አለችኝ። “የአባቴን ስም” አልኳት። ስድስት ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ አቧራ ስበላ ቆየሁ። እንዳሉት አቧራው ተነሣ።

የሙከራው ውጤት ሁለት ቅጂ አለው። በመጀመሪያው ላይ እንዲህ የሚል መስመር አለ፤ “ይህ ዝርያ ውሃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ እንዲዘራ አንመክርም።” መስመሯ በቀይ ብዕር ተሰርዛለች። ከጎኗ “ተስማምተናል” ተብሎ ሁለት ሰው ፈርሞባታል። በሁለተኛው ቅጂ ላይ መስመሯ የለችም፤ ገበሬው ዘንድ የደረሰው እሱ ነው።

አንደኛው ፊርማ የሪፖርት ነው። ሁለተኛው መጨረሻው እንደ ዓሣ መንጠቆ ይታጠፋል። ልጅ ሆኜ የቤት ሥራዬን አይተው ደብተሬ ጠርዝ ላይ ሲፈርሙልኝ ስለኖሩ ለመለየት መነጽር አላስፈለገኝም።

ቅጂውን አባሪ አድርጌ ልኬልዎታለሁ። ዋናው እኔ ዘንድ ነው። በረቂቁ ላይ የሚመከርበት መድረክ ሰኔ አሥር ላይ እዚሁ አዳራሽ ይካሄዳል፤ ከልማት ሠራተኞች ወገን እንድናገር ተመርጫለሁ። ከዚያ በፊት የሚሉት ካለ እጠብቃለሁ።

የሟቹ ልጅ

ግንቦት 18
ከባሕር ማዶ

እህቴ፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። “እርስዎ” ያልሽኝ ከአባሪው ይልቅ ወጋኝ።

ፊርማው የእኔ ነው። ሙከራውን የሠራሁትም እኔ ነበርኩ፤ መስመሯንም የጻፍኳት እኔ። መረሬ ላይ ሞክሬው ሞቶብኝ ነበር። ሪፖርት ምርምር ማዕከሉ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “ይህቺ መስመር ላንተ ምን ታደርግልሃለች?” አለኝ። “ኮታው ለሁሉም አፈር ተፈርሟል፤ አንተ ደግሞ ውጭ ለመሄድ የጠየቅክበት ደብዳቤ እኛ ኮሚቴ እጅ ነው።” ሌላ አላስፈራራኝም፣ ድምፁንም አላነሣም። ብዕሩን አቀበለኝ። መስመሯን የሰረዝኳት በገዛ እጄ ነው።

አጎቴ እንደማይዘራው አውቅ ነበር። እሱ ካልዘራ የሰፈሩ ሰው እሱን ያያል፣ ማንም አይጎዳም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እንደሚያስሩት አላሰብኩም። ሲሞት ለቀብር ያልመጣሁት ፈቃድ ተከልክዬ አልነበረም። ቆሜ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሪፖርትን ጣዪው፣ እኔም እረዳሻለሁ፣ ለኮሚቴው ሁለተኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስታነቢ ግን የታችኛውን ፊርማ በእጅሽ ሸፍኚው። እዚህ ያለኝ ሁሉ የቆመው በስሜ ላይ ነው። ልጆቼ በዚህ ስም ይጠራሉ። እትዬ ብትሰማ ምን ትላለች?

ወንድምሽ፣ ከፈቀድሽ

ሰኔ 29
ከግብርና ጣቢያው

ለተከበሩ ዶክተር፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አልሸፈንኩትም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሪፖርት መድረኩ ላይ መሀል ተቀምጦ ተራዬ ሲደርስ ውሃ አስቀረበልኝና “ልጃችን ናት፣ አትፍሪ” አለኝ። አምስት ደቂቃ ተሰጠኝ። ስለ አንቀጽ አሥራ አንድ እናገራለሁ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁ። የተሰረዘችውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ ከኋላ ያሉት አልሰማንም ስላሉ ለሦስተኛ ጊዜ ደገምኳት። “የተስማሙት ሁለት ሰዎች ናቸው” አልኩ። “አንዱ ይኸው ከፊታችሁ ተቀምጧል። ሌላው የአክስቴ ልጅ ነው፤ በአባቴ ቤት ያደገ።”

ሪፖርት ማይክራፎኑን ሊያስዘጋ እጁን አነሣ፤ ቴክኒሻኑ ግን እሱም የመረሬ ልጅ ኖሮ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ።

እጮኻለሁ፣ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ያላሰብኩት ሌላ ነገር ሆነ። ከአርባ ሁለቱ አንዱ፣ ሰፈሩ “ጭምት” የሚለው ገበሬ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። “ታዲያ እኛ ሰነፎች አልነበርንም ማለት ነው?” አለ።

ያኔ ሪፖርት “ዘሩ እንከን የለበትም፣ ስንፍናችሁ ነው” ስላላቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ቤት በቆሎው የሞተው በራሱ ጥፋት መስሎት ኖሯል። ጭምት በዚያ ዓመት ሚስቱን “አረም ሳታርሚ ቀርተሽ ነው” ብሎ ወደ ወላጆቿ መልሷታል። አልተመለሰችም። ይህን የማውቀው ጎረቤቱ ስለሆንኩ ነው፤ በሪፖርት ቅጽ ላይ ዓምድ የለውም።

ሪፖርት በሁለተኛው ሳምንት ከኮሚቴው ተነሣ። ምርመራ ተከፍቶበታል። እስኪያልቅ ድረስ ዋናው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ስልክ የሌለበት ጠረጴዛ ሰጥተውታል። ሰበብ ፈልጌ ሄጄ አየሁት። ጋዜጣ እያጠፈ ነበር። ቀና ብሎ “ረካሽ?” አለኝ። “ገና ነኝ” አልኩት። ደስ ብሎኛል፤ እንዳላፈርኩበትም ይወቁ።

አንቀጽ አሥራ አንድ ተቀይሯል። አሁን እንዲህ ይላል፤ አዲስ ዘር በአንድ አካባቢ አፈር ላይ አንድ ሙሉ ወቅት ሳይሞከር አይሰራጭም፤ እምቢ ያለ አርሶ አደር ምክንያቱ ተመዝግቦ ለምርምር ማዕከሉ ይላካል እንጂ አይቀጣም። የእርስዎ ዘጠኝ ገጽ እንደረዳ ሰምቻለሁ። ይህን አልክድም፤ አባቴንም አይመልስም።

ለተቋምዎ ጽፌያለሁ። ከዚህ በላይ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ይምጡ። አርባ ሁለቱን ቤት በር በበር እየዞሩ፣ መስመሯን ማን እንደጻፋትና ማን እንደሰረዛት በራስዎ አፍ ይንገሩ። በስብሰባ አይሆንም፣ በደብዳቤም አይሆንም። ዝርዝሩን አያይዤዋለሁ። አርባ ሦስተኛ ስም እጨምራለሁ፤ የእናቴ ነው። እሷ ከግቢ ስለማትወጣ አልሰማችም፤ ጎረቤቱም በፊቷ አያነሣውም። እኔም አልነገርኳትም። እንድትሰማው የምፈልገው ከእርስዎ ነው።

የሟቹ ልጅ

ሐምሌ 24
ከባሕር ማዶ

እህቴ፤

ደብዳቤሽ ለተቋሜ ደርሷል። ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ አግደውኛል። የቢሮዬን ዕቃ በሁለት ካርቶን ይዤ ስወጣ የበሩ ጠባቂ “ዕረፍት ነው?” አለኝ፤ አዎ አልኩት። ሚስቴ ከእኔ ሳይሆን ከኢሜይል ነው የሰማችው። እስካሁን አልተቀየመችኝም፣ አልታረቀችኝምም።

ልቆጣሽ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ነሐሴ ስምንት እደርሳለሁ። ዝርዝሩን ይዤዋለሁ፤ አርባ ሦስቱንም።

ወንድምሽ

መስከረም 9
ከግብርና ጣቢያው

ለተከበሩ ዶክተር፤

በሰላም እንደገቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

በየበሩ ከውጭ ቆሜ እጠብቅዎት ስለነበር ከወጡ በኋላ የተባለውን እኔ ሰምቻለሁ፤ እርስዎ አልሰሙም። ስለዚህ ልጻፍልዎት።

በመጀመሪያው ቀን ጫማዎ መረሬው ውስጥ ሲቀር ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሦስተኛው ቤት ያለው ሰውዬ እርስዎን ሰምቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ለሚስቱ “ብነግርሽ አላምን አልሽኝ!” ሲላት ሰማሁ። አሥራ አንደኛው ቤት ያሉት እናት ተናግረው እስኪጨርሱ ሰሙዎት፤ እርስዎ ሲወጡ ግን የቆሙበትን ቦታ በመጥረጊያ ጠረጉት። ሁለት ሰዎች ሊመቱዎት ፈልገው ነበር፤ የተውት ለእኔ ብለው ነው፣ ለእርስዎ አይደለም። ጭምት ምንም አላለም ብለው ተገርመው ነበር። በማግስቱ የሚስቱን ወላጆች አገር የሚሄደው መኪና ላይ አየሁት፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ብቻውን ተመልሷል። ዘግይቷል፤ እሷ ሌላ ትዳር ይዛለች። ይህንንም ከሰረዟት መስመር ሥር ይጻፉት።

አርባ ሁለቱን ቤት በስድስት ቀን ጨረሱ። ይህን በማድረግዎ አላመሰግንዎትም፤ ግን እንዳደረጉት ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

በሰባተኛው ቀን እኛ ቤት ገቡ። እናቴ “ልጄ መጣ” ብላ በዚያ ጉልበቷ ተነሥታ አቀፈችዎ። አጠገቧ አስቀምጣ “ከስተሃል፣ ጠቁረሃል” እያለች ፊትዎን ስትዳስስ ከጓዳው በር ሆኜ አየሁ። አፍዎን ከፈቱ። ሁለት ጊዜ ከፈቱ። ከዚያ ስለ መንገዱ አወሩ። ወንበሩ ላይ አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ጎን እንደተቀመጡ አላወቁም መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት እሷ ሳትነቃ ሻንጣዎን ይዘው ወጡ።

ልከተልዎት እችል ነበር። መኪናው እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ቆሟል፤ እኔም ከአጥሩ ሥር ቆሜ አየሁዎት። አልጠራሁም።

ለእናቴ የምነግራት እኔ ነኝ ብለው ተስፋ አድርገው ከሆነ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። “ለምን ሳይሰናበተኝ ሄደ?” ስትለኝ “ሥራ አጣድፎት ነው” እላታለሁ። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ በየቀኑ እንዲሁ እመልሳለሁ። ለእርስዎ አዝኜ አይደለም። እኔ ብነግራት ሸክሙ ከእርስዎ ላይ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ እንዲወርድ አልፈልግም።

አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣለች። ማንበብ ስለማትችል እያየችኝ ነው። “ለእሱ ነው የምትጽፊው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “እንግዲያው መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ጠይቂልኝ” አለች።

ጠይቄዎታለሁ።